የእማማ ስልክ ለምን ዝም አለ? የቤት ስልክ፣ ሞደምና ራውተር ሲያስቸግሩ ከየት እንጀምር

በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ከራሳችን ጥፋት የተገኘ ትምህርት ነው። ብዙዎቻችሁ በተከራያችሁበት ቤት ወይም በወላጆቻችሁ ዘንድ «ኮምፒውተር ታውቃለህ አይደል? እስኪ ይህን እየው» ስለምትባሉ ይጠቅማችኋል ብለን እናስባለን።

እኛ አራት ተማሪዎች ነን። ሰንጋ ተራ፣ ከኮሜርስ ካምፓስ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ አንድ የድሮ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አከራያችን፣ እኛ «እማማ» የምንላቸው እናት፣ በዋናው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው የሚሠራው ጅዳ ነው። ዘወትር ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በቤቱ ስልክ ይደውልላቸዋል። እማማ ሞባይል አላቸው፤ ነገር ግን ዓይናቸው ስለደከመ አይጠቀሙበትም፣ ብዙውን ጊዜም ተዘግቶ ነው የሚቀመጠው። የሚያምኑት ያንን ሳሎን ያለውን ከባድ የቤት ስልክ ነው። እሱም ቢሆን ደውለው አያውቁም፤ እስኪደወልላቸው ይጠብቃሉ።

የፈተና ሰሞን ዋይፋዩ ወደ ክፍላችን በደንብ አልደርስ አለን። እማማን አስፈቅደን ሞደሙን ከሳሎን ወደ ኮሪደሩ አዛወርነው። አንድ ያገለገለ ራውተርም ገዝተን ቀጠልንበት። ኢንተርኔቱ እምቢ ሲለን በሞደሙ ጀርባ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ተጫንናት። የኢንተርኔቱ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ስለነበር መልሰን አስገባነው፤ ዋይፋዩ መጣ፤ ደስ ብሎን ወደ ጥናታችን ተመለስን። ስልኩ ይሠራ እንደሆነ ግን ከመካከላችን አንሥቶ ያየ አልነበረም።

ሁለት ጁሙዓ አለፈ። እማማ «ምነው ልጄ ረሳኝ?» እያሉ ዝም ብለው ከረሙ። ልጃቸው በበኩሉ ሲደውል አልገባ ሲለው እናቱ አንድ ነገር ሆነዋል ብሎ ተጨንቆ ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ያለ የአጎቱን ልጅ ላከ። ሰውየው የግቢውን በር ሲያንኳኳ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። እማማ ራሳቸው በሩን ሲከፍቱለት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ። ስልኩን አንሥተን ጆሯችን ላይ ስናደርገው ጭጭ ብሏል። ያን ጊዜ ነው ያጠፋነው ምን እንደሆነ የገባን።

ያን ቀን የተማርነው በአጭሩ ይህ ነው፦ ዛሬ ብዙ ቤት ውስጥ የቤት ስልክ የኢንተርኔቱ አካል ሆኗል። ሞደሙን የነካ ሰው ስልኩንም ነክቷል። ስለዚህ አንድ ነገር ለውጠን ኢንተርኔቱ ስለመጣ ብቻ «ተሠራ» ማለት አይቻልም፤ ስልኩም አብሮ መሞከር አለበት። ሲበላሽ ደግሞ በግምት ከመነካካት ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ስልኩ ድረስ አንድ በአንድ መፈተሽ ይሻላል።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን እንወቃቸው

በድሮው አሠራር ከስልክ ማዕከሉ እስከ ቤታችን ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ይመጣሉ። ድምፁም፣ ስልኩን የሚያሠራው ኤሌክትሪክም በእነዚሁ ሽቦዎች ነው የሚደርሰው። ኃይሉ 48 ቮልት አካባቢ ሆኖ ከማዕከሉ ባትሪ ስለሚመጣ፣ የሰፈር መብራት ቢጠፋም ተራው የቤት ስልክ ይሠራ ነበር።

በፋይበር ግን ወደ ቤት የሚገባው ብርሃን ነው። ብርሃን ስልክ ማስጮህ አይችልም። ስለዚህ በመካከል ሦስት ሥራ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል እንበል። የመጀመሪያው ብርሃኑን ወደ ኔትወርክ ምልክት ይለውጣል፤ ይህ ሞደሙ ነው። ሁለተኛው አንዱን መስመር ለብዙ ስልኮችና ላፕቶፖች ያከፋፍላል፤ ይህ ራውተሩ ነው። ሦስተኛው ድምፃችንን እየቆራረጠ በጥቃቅን ጥቅሎች ይልካል፣ የሚመጡትን ጥቅሎች ደግሞ መልሶ ድምፅ ያደርጋል፤ ይህ የስልክ አዳፕተሩ ነው። አዳፕተሩ ብዙውን ጊዜ በየሰከንዱ 50 ጥቅል ይልካል።

በብዙ ቤት ሦስቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ ስላሉ ሁሉንም «ሞደም» እንላቸዋለን። አዳፕተሩ ለብቻው ትንሽ ሳጥን ሆኖ በኬብል ከራውተሩ ጋር የሚገናኝበትም ጊዜ አለ። ሳጥኑ አንድም ይሁን ሦስት የፍተሻው ቅደም ተከተል አንድ ነው።

ከግድግዳ ወደ ስልክ፦ ሰባት እርምጃ

1. ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። የትኛው ኬብል የት ቀዳዳ እንደተሰካ፣ የትኞቹ መብራቶች እንደሚበሩ በሞባይላችሁ ያዙ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ካልሠራ ወደነበረበት መልሱት። እኛ በአንድ ሌሊት ቦታ ቀየርን፣ ራውተር ጨመርን፣ ሪሴት አደረግን። ስልኩን የትኛው እንዳጠፋው ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

2. ኃይሉን እዩ። የሞደሙ የኃይል መብራት ካልበራ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ። ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ጫፉ ስለገባ ብቻ ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ቮልት ከሞደሙ ጀርባ ከተጻፈው ጋር እኩል፣ አምፒሩ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። አምፒሩ ያነሰ ቻርጀር ሞደሙን እያበራ በየመሀሉ ሊያጠፋው ይችላል።

3. የፋይበሩን መብራቶች እዩ። በብዙ ሞደሞች ላይ «ፖን» የሚል መብራት ሳይርገበገብ አረንጓዴ ከሆነ መስመሩ ተገናኝቷል። «ሎስ» የሚለው ደግሞ መጥፋት አለበት፤ ቀይ ሆኖ ካርገበገበ ብርሃኑ ቤታችሁ አልደረሰም ማለት ነው። ኬብሉ በር ሥር ተጨፍልቆ ወይም ማዕዘን ላይ በኃይል ታጥፎ እንደሆነ ተመልከቱ። በውስጡ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ስለሆነ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አይታጠፍም። ነቅላችሁ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አታቅርቡ፤ ጨረሩ በዓይን አይታይም፣ ግን ይጎዳል።

4. የስልኩ ሽቦ የት እንደተሰካ እዩ። ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። የስልኩ መሰኪያ ከኔትወርኩ መሰኪያ ያነሰ ስለሆነ በኔትወርኩ ትልቅ ቀዳዳ ውስጥም ይገባል፤ ገባ ማለት ግን ቦታው ነው ማለት አይደለም። «ቴል» ወይም «ፎን» የሚል ጽሑፍ ወይም የስልክ ሥዕል ያለበትን ቀዳዳ ፈልጉ። ሁለት ካሉ መጀመሪያ አንደኛውን ሞክሩ። የእኛ የመጀመሪያ ጥፋት እዚህ ተገኘ። ሞደሙን ኮሪደር ስናወጣው የስልኩ ሽቦ ስላልደረሰ አንዳችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ባለው የድሮ የስልክ ሶኬት ሰክቶት ነበር። ያ ሶኬት ደግሞ ፋይበር ከገባ ጀምሮ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ነው።

5. ስልኩን ራሱን ፈትኑ። አንሥታችሁ ረጅሙን «ቱ...» የሚል ድምፅ ካልሰማችሁ ከጎረቤት ሌላ የሚሠራ ስልክ ተውሳችሁ በቀጥታ በሞደሙ ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ አዳምጡ። በአዲሱ ድምፅ ካለ፣ ችግሩ የስልኩ ወይም የሽቦው ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ የተቀጠለ ስልክ ካለ በደንብ መዘጋቱን እዩ፤ እሱ በትክክል ካልተቀመጠ ደዋዩ ሁልጊዜ «ተይዟል» ነው የሚሰማው። «ቱ...» እያለ ቁጥር ሲመታ የማይሄድ የድሮ ስልክ ካጋጠማችሁ ሥሩን ገልብጡና «ቲ» እና «ፒ» የምትል ማብሪያ ፈልጉ። «ፒ» የድሮው የጠቅታ አደዋወል ሲሆን ብዙ አዳፕተሮች አይረዱትም፤ ወደ «ቲ» አድርጉት። በጣት የሚዞረው ስልክም የማይደውልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚመጣውን ጥሪ ግን ብዙ ጊዜ ይቀበላል።

6. የስልኩን መብራት እዩ። ፖን በርቶ፣ ኢንተርኔት እየሠራ «ቴል» የሚለው መብራት ከጠፋ ሞደሙ በስልክ ቁጥራችሁ አልተመዘገበም ማለት ነው። የቤት ስልክ በኢንተርኔት መንገድ ሲሠራ ልክ እንደ ኢሜይል የራሱ መለያና ፓስዎርድ አለው። ሞደሙ በየተወሰነ ጊዜ ለማዕከሉ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ጥሪ ሲመጣ ወደዚህ ላክ» ይላል። ይህ ካልተሳካ ስልኩ ጤነኛ፣ ሽቦው ጤነኛ ሆኖ ቤቱ ዝም ይላል። የእኛ ሁለተኛ ጥፋት ይህ ነበር። ሪሴት ስናደርግ የኢንተርኔቱም የስልኩም መለያ ጠፋ። የኢንተርኔቱን ወረቀቱ ላይ ስላገኘነው መለስነው። የስልኩን የሚያስገባው ግን አገልግሎት ሰጪው ነው፤ እኛ ዘንድ የለም።

7. ሁለተኛውን ራውተር አውጡት። ከሞደሙ ሌላ የተጨመረ ራውተር ካለ ነቅላችሁ ሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሁለቱም 192.168.1.1 የሚለውን አድራሻ ይዘው ይጋጩ ይሆናል፤ ሁለቱም ለላፕቶፓችሁ አድራሻ ለማደል ይሻሙ ይሆናል። መፍትሔው የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ መቀየር፣ አድራሻ ማደሉን መዝጋትና ኬብሉን «ዋን» ከሚለው ቀዳዳ ወደ «ላን» ማዞር ነው። እንዲህ ሲሆን ሥራው ዋይፋይ ማዳረስ ብቻ ይሆናል።

ሁሉንም አጥፍቶ ማብራት ሲያስፈልግ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሞደሙን አብሩ፤ መብራቶቹ እስኪረጉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ራውተሩን፣ በመጨረሻ ለብቻው የቆመ አዳፕተር ካለ እሱን አብሩ። አዳፕተሩ ቀድሞ ከተነሣ መንገድ ሳይኖረው ለመመዝገብ ይሞክርና ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል።

ፋይበር ያልደረሰው፣ ኢንተርኔቱም ስልኩም በመዳብ ሽቦ የሚመጣለት ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ከግድግዳው በኋላ ያለችውን ትንሽ ሳጥን፣ ስፕሊተሩን፣ እዩ። ሥራዋ የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ መለየት ነው። ስልኩ ያለ እሷ በቀጥታ ከተሰካ ጆሮ ላይ «ሽሽሽ» ይላል፤ ስልኩ ሲጮኽም ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላል።

ስልኩ ይሠራል፤ ድምፁ ግን ይበላሻል

ብዙ ሰው ድምፅ ሲቆራረጥ «ፍጥነቱ አንሶ ነው» ይላል። አንድ ጥራት ያለው የስልክ ንግግር ግን በአንድ አቅጣጫ የሚፈልገው በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ቢት ገደማ ነው። 10 ሜጋ ቢት ለገባበት ቤት ይህ ኢምንት ነው። ድምፅን የሚያበላሹት ጥቅሎቹ ሲዘገዩ፣ እኩል ሳይደርሱ ሲቀሩ ወይም በመንገድ ሲጠፉ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ የሚወስደው ጊዜ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። እጅግ ከበለጠ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ መናገርና መቆራረጥ ይጀምራሉ።

ምክንያቱን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። በላፕቶፓችሁ «ፒንግ» በሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ የራውተራችሁን አድራሻ ጠይቁ። መልሱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ካልመጣ ወይም ከዘለለ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ዋይፋዩ ነው። ወደ ራውተሩ ደኅና ሆኖ ወደ ውጭ አድራሻ ከተበላሸ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ነው። ሌላም መለያ አለ፦ በሞደሙ ላይ የተሰካው የቤት ስልክ በዋይፋይ አይሄድም። የቤት ስልኩ ጥርት ብሎ በሞባይል አፕ የሚደረገው ጥሪ ብቻ ከተቆራረጠ ዋይፋዩን ጠርጥሩ። በእኛ ሰፈር የባንኮቹ ፎቆችም፣ የ40/60 ሕንፃዎቹም፣ የድሮዎቹ ግቢዎችም ሁሉ በየቤቱ ዋይፋይ ስላላቸው አየሩ ተጨናንቋል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ከቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ጭር ያለውን መምረጥ፣ ወይም ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ መሄድ ይረዳል።

ለብቻው የቆመ አዳፕተር ያለው ቤት አንድ የተለየ ሕመም ያጋጥመዋል፦ ስልኩ ይጮኻል፣ ይነሣል፣ ግን አንደኛው ወገን ብቻ ነው የሚሰማው። ይህ ብዙውን ጊዜ የራውተር ችግር ነው። ጥሪው የሚከፈትበት መንገድና ድምፁ የሚሄድበት መንገድ የተለያዩ ናቸው። ሁለት ራውተር ተከታትሎ ከተሰካ ደግሞ ድምፁ መግቢያውን ያጣል። አንዱን ራውተር አውጡ። ካልሆነ በራውተሩ ገጽ ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚለውን ዝጉት፤ ለመርዳት የተሠራ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው እሱ ነው።

መብራት ሲጠፋ

ለወላጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። የድሮው ስልክ መብራት ሲጠፋ ይሠራ ነበር፤ በፋይበር የሚሠራው ግን ሞደሙ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለሚታመም ወይም ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 በቤት ስልክ የሚደወለው ሞደሙ በርቶ ሲገኝ ነው። ለሞደም የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ መግዛት ይቻላል፤ ስትገዙ ቮልቱና አምፒሩ ከሞደማችሁ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። እሱ እስኪገዛ ግን ቻርጅ የተደረገና ክፍት የሆነ አንድ ሞባይል በእጃቸው ይኑር።

የማይነኩ ነገሮች

ሪሴትን የመጨረሻው የመጨረሻ አድርጉት። አጥፍቶ ማብራትና ሪሴት አንድ አይደሉም፤ አንዱ ያሳርፈዋል፣ ሌላው ሁሉን ያስረሳዋል።

የሞደሙን ወይም የአዳፕተሩን የስልክ ቀዳዳ ከድሮው የግድግዳ ሶኬት ጋር አታገናኙ። በሶኬቱ ላይ አሁንም ከማዕከሉ የሚመጣ ኃይል ካለ፣ በተለይ ስልክ በሚያስጮኸው ጊዜ ስለሚበረታ፣ አዳፕተሩን ያቃጥለዋል። በቤቱ ነባር ሽቦ መኝታ ቤት ድረስ ስልክ ማዳረስ የሚፈልግ ከውጭ የሚገባውን መዳብ አስቀድሞ በባለሙያ ያስለይ።

ከውጭ አገር በዘመድ የሚላክ የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር ሲያጋጥማችሁም ከመሰካታችሁ በፊት ጠይቁ። የቴሌኮም ዕቃዎችን መስፈርት የሚያረጋግጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ በኢንተርኔት ለሌሎች የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስራት ያስቀጣል። «መስመራችሁን አከራዩኝ፣ ሳጥን ላስቀምጥ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉ።

ለአገልግሎት ሰጪው ስትደውሉ

ሰባቱን እርምጃ ጨርሳችሁ ካልተፈታ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ወደ 994 ይደውላሉ። ደንበኛው ራሱ አጠገባችሁ ቢሆን መልካም ነው። የአገልግሎት ቁጥሩን፣ የሞደሙን ዓይነትና መብራቶቹ እንዴት እንደሆኑ ይዛችሁ ደውሉ። «ስልክ አይሠራም» ከማለት «ፖን አረንጓዴ ነው፣ ሎስ ጠፍቷል፣ ኢንተርኔት አለ፣ ቴል አልበራም፣ በሌላ ስልክም ሞክረናል፤ ሪሴት አድርገን ነበር» ማለት ሥራውን ያቀልላል። ሪሴት ማድረጋችሁን አትደብቁ። እኛ መጀመሪያ አፍረን ልንደብቅ አስበን ነበር። እውነቱን ስንናገር ግን የስልኩ መለያ እንደገና ተላከልን፤ ሞደሙን አጥፍተን ስናበራው የቴል መብራት በራ። እማማ ስልኩን አንሥተው ጆሯቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ያንን «ቱ...» አዳመጡ።

ሞደሙ ወደ ሳሎኑ ተመልሷል። ለክፍላችን የሚሆነውን ዋይፋይ በረጅም ኬብልና በሁለተኛው ራውተር አደረስን። ሞደሙ ላይም «ያለ እማማ ፈቃድ ሪሴት ክልክል ነው፤ ማንኛውንም ነገር ከነካህ ስልኩን አንሥተህ ስማ» የሚል ወረቀት ለጥፈናል። በሰው ቤት ያለ መስመር አማና ነው። እኛ ዘንድ ዋይፋይ የሆነው ነገር እሳቸው ዘንድ የልጃቸው ድምፅ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ የእናታችሁን ወይም የአከራያችሁን ስልክ አንሥታችሁ አዳምጡ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። የቸገረው ካለ ከጁሙዓ በኋላ ያግኘን፤ ኢንሻአላህ አብረን ሄደን እናያለን።